አስፈቃጁ ደም መጣጭ

ደም መጣጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ የአክስቴ የዘሃራ ተከራይ ነበር። ይህን ስናገር የክፍል ጓደኞቼ በፍርሃት ይጮሃሉ። እስቲ ምኑ ያስፈራል? ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚኒባስ ሲመጣ መንገዱ አንገጫግጮት፣ ሁለቱም ረጃጅም ጥርሶቹ ተነቃንቀው ነበር።

አንድ ቀን መግሪብ ላይ አክስቴ የሰው ልብስ ስታጥብ ውላ፣ ደክሟት ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ሰውዬው በጥቁር ካፖርት ተጠቅልሎ ከክፍሉ ወጣና አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«እትዬ ዘሃራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ደም መጣጭ ነኝ። በጣም ርቦኛል። ከአንገትዎ ትንሽ ቢፈቅዱልኝ?»

እኔ ጮኼ ልሮጥ ስል አክስቴ እጄን ያዘችኝ። እሷ ምንም አልደነገጠችም። ዓረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ የኖረችን ሴት ምን ያስደነግጣታል?

«ወላሂ፣ ደሜን እዚያ ጨርሼው ነው የመጣሁት» አለችው። «ደላላው መጠጠኝ፣ ማዳሟ መጠጠችኝ። አገሬ ስገባ ደግሞ የተረፈውን ዘመድ መጠጠው። ያስፈቀደኝ ግን አንተ ብቻ ነህ።»

ይህን ብላ ማልቀስ ጀመረች። ደም መጣጩ የሚገባበት ጠፋው። ጥርሶቹን በመዳፉ ሸፈነ።

«አብሽሩ፣ እትዬ። ረሃቤም ጠፋ» አለና ወደ ማድ ቤት ገብቶ ሻይ አፍልቶ አመጣላት።

«ስኳሩን አበዛኸው» አለችው፤ ግን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣችው። አክስቴ ሌላ ሰው ያፈላላትን ሻይ ስትጠጣ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።