ዜና ኢኖክ ሸማኔ፤ የድንጋይ ሽበትን ከቄሱ ጢም እንዳዳነ

በዘመነ አጉሊ መነጽር፣ ሸማኔው ኢኖክ ሃስላም የአባቱን ሰዓት በናስ አጉሊ መነጽር በለወጠ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ መጋቢት፣ በዕለተ ሰንበት፣ ዝናም በእንግሊዝ አገር በላንክሻየር ላይ እንደ ልማዱ ሲወርድ ይህ ሆነ።

መፍቀሬ ሐመልማል፣ መርማሬ ቅጽር፣ በጭቃ ላይ ተንበርካኪው ኢኖክ፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ስጋጃ ከሚነጠፈው የድንጋይ ሽበት ወገን ማንም ያላየውን ዘር በአሮጌው ወፍጮ ቤት ግድግዳ አስቀድሞ አግኝቶ ነበር፤ ግድግዳውም በማግስቱ ፈርሶ፣ በእጁ የቀረችው ጥፍር የማታህል አንዲት ዘለላ ሆነች። የዕፅዋት ማኅበር አለቃ፣ ጫማ ሰፊው ጆብ ፒክልስም በሰንበቱ ማለዳ ማኅበሩ ከሚሰበሰብበት መጠጥ ቤት እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ግድግዳው ፈረሰ፣ ሣሩም ጠፋ ካልከን፣ ወዳጄ፣ አንተም ከመዝገባችን ትፈርሳለህ። ዘሩን ይዘህ ና፤ እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት እንጠብቅሃለን።»

ዘለላይቱ ደርቃ ተኮራምታ ነበርና፣ ትፍታታ ዘንድ በባለቤቱ በወይዘሮ ኬዝያ ሲኒ፣ በለብታ ውኃ ዘፈዘፋት። ያን ጊዜ፣ ጢማቸው እስከ ሦስተኛው ቁልፋቸው የሚወርደው ቄስ ፒልኪንግተን፣ በየቤቱ ሲኒ ቀርቦ የሚጠብቃቸው፣ ሕሙማንን ሊጠይቁ ወጥተው ወደ ጤነኞቹ ገቡ፤ ተቀመጡ፤ ሲኒውን አንሥተው ጨለጡ፤ እንዲህም አወጁ፦ «ወይዘሮ ኬዝያ፣ የዛሬው ሻይሽስ ቀጠን ብሏል።»

በሻይዋ ሰባት መንደር የምታስንቀው ኬዝያ ፊቷ እንደ ጡብ ቀላ። ኢኖክ ግን ባዶውን ሲኒ አይቶ ቀና ሲል፣ ዘለላይቱን አያት፦ ከቄሱ ከንፈር ሁለት ጣት ዝቅ ብላ፣ በነጩ ጢም መካከል ተፍታታና ለምልማ ተቀምጣለች። እንዳይናገር፣ የካህን ጢም ይበጠርልኝ ማለት ነውር ሆነበት፤ ዝም እንዳይል፣ ቄሱ መሐረባቸውን መሳብ ጀምረዋል።

ኬዝያም የባሏን ዓይን ተከትላ ነገሩ ገባትና ቁጣዋን ውጣ አወጀች፦ «አባታችን፣ መጀመሪያ ይጸልዩልን። ይኼ ሰውዬ ከጠዋት ጀምሮ ደህና አይደለም።»

ቄሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኢኖክም ወረንጦውን እንደ ጦር ሰብቆ፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣ «አቤቱ» ሲባል ከምንጣፉ ተነሣ፤ «ስለ ንግሥታችን» ሲባል ከጢሙ ግርጌ ሰፈረ፤ «አሜን» ሲባል ዘለላይቱን፣ ከእርሷም ጋር አንድ ጠጉር፣ ነቀለ። ቄሱም አገጫቸውን ይዘው አወጁ፦ «ልጆቼ፣ የዛሬው ጸሎት ነዘረኝ።»

በዘጠኝ ሰዓት ኢኖክ ወደ መጠጥ ቤቱ ገባ፤ ኬዝያ ባዶ ሲኒዋን ይዛ፣ ጎረቤቶቹ አንጥረኛው፣ አትክልተኛውና የአትክልተኛው ውሻ ተከተሉት። ጆብ በመነጽሩ ሦስት ጊዜ አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ቀጥሎም፣ «ዘሯስ አዲስ ነው። ይህ ነጭ ጠጉር ግን ከየት መጣ?» ሲል ጠየቀ። የተገኘበትን ቦታ ሳይጽፉ ዘር ማስመዝገብ አይፈቀድምና፣ በወረቀቱም ላይ ዋሽቶ የማያውቀው ኢኖክ እንዲህ ጻፈ፦ «ሁለት ጊዜ ተገኘች፤ ፊት በወፍጮ ቤት ግድግዳ፣ ኋላም በቤተ ክህነት፣ ከፍ ባለ ስፍራ።»

ኬዝያም የመጨረሻውን አዋጅ አስነገረች፦ «ከእንግዲህ በእኔ ሲኒ አረም የሚዘፈዝፍ ራሱ ይጠጣዋል።»

ነገሥታት አንድ ከተማ ለመያዝ ብዙ ደም አፍስሰዋል፤ ኢኖክ ግን አንድ ጠጉር ነቅሎ አንድ ዘር አዳነ። ዝናም በሚወርድበት ሁሉ ክብሩ ይለምልም።