ለእኔ ብቻ ያልታየው ዝርዝር

ከተበላሸ ዕቃ የሚብስ ዕቃ አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አምናለሁ፤ ደርሶብኛልና። የተበላሸ ዕቃ ቢያንስ ያስተዛዝናል። ጎረቤት ይመጣል፣ ገልበጥ አድርጎ ያየዋል፣ «አይ፣ ይሄስ አልቆለታል» ይላል፤ ቁርጣችሁን አውቃችሁ ትቀመጣላችሁ። የሚብሰው ለሌላው ሰው ሁሉ እየሠራ ለእናንተ ብቻ አልሠራም የሚለው ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ፣ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ምስክር ይሆናል። በሰው ፊት ቆሞ «ጥፋቱ እኔ ዘንድ አይደለም» ይላል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው ማንን ይመስላችኋል?

እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ገበሬ ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ግድም ካሉት አድባራት በአንዱ የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። የጽሕፈት ቤቱ ቁልፍ የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ስለሆነ፣ እዚያ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እኔን ይመለከታል ተባለ። እሺ አልኩ፤ ያኔ ውስጡ የነበረው አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ማኅተሙና የክርስትና መዝገቡ ብቻ ነው። ወንበር መጠበቅ ደግሞ አያቅተኝም። ላፕቶፕ ይመጣል ብሎ ያሰበ ማን ነበር?

ላፕቶፗን የሰጠን ባሕር ዳር የሚኖር የደብራችን ተወላጅ ነው። እሱ ይሠራበት የነበረውን ሲስተም እንደያዘች መጣች። ሲስተም የሚሉት፣ እኔ እንደገባኝ፣ ላፕቶፗ ከእንቅልፏ ስትነሣ የምትይዘው አእምሮ ነው። ከዚያ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹ «ይሄ ለመዝሙር አይመችም» ብለው ሌላ ጨመሩ። ቀጥሎ ዲያቆናችን «እኔ ቫይረስ የማይደፍረውን አውቃለሁ» ብሎ ሦስተኛ አስገባ። ሦስቱም ጨዋ ልጆች ናቸው፤ የሰው ነገር አይነካም ብለው አንዱ የሌላውን ሳያጠፋ ሆዷን እንደ ርስት ተካፍለው ተቀመጡባት። ይሄን ነገር ለመሪጌታ ሳስረዳ «ሦስት ሲሆኑ አንድ…» ብዬ ብጀምር፣ መሪጌታ ዐይናቸውን አፈጠጡብኝ። ከዚያ ወዲህ «ሦስት ደባሎች» ነው የምላቸው።

ባለፈው ክረምት የጽሕፈት ቤቱ ቆርቆሮ አፈሰሰና የክርስትና መዝገቡ ራሰ። ዲያቆኑ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ወረቀቱ ሟሙቶ ሳያልቅ ገጽ በገጽ እያነበበ ላፕቶፗ ላይ ጻፈው። የጻፈው ግን እሱ ባስገባው በሦስተኛው ደባል ቤት ነው። ወዲያው ወደ ደምበጫ ተዛወረ። ሊሄድ ሲል ጠርቶ አስተማረኝ፦ «አያ ቢያዝን፣ የማስነሻ ቁልፉን ሲጫኗት ጥቁር ነገር ላይ የሦስት ስም ዝርዝር ይመጣል። በቀስቷ ወደ ታች ይውረዱና ሦስተኛውን ይምረጡ። መዝገቡ እዚያ ብቻ ነው ያለው።» ቀላል ነው፤ በሬ ከመጥመድ ይቀላል።

ዝርዝሩ ግን አልመጣም።

እንዲህ ነው የጀመረው። ወይዘሮ ስመኝ የምትባል አብሮ አደጌ አለች፤ ልጇ ሰብለ ደብረ ማርቆስ ላይ በተክሊል ልታገባ ነው። የምታገባበት ደብር፣ ሙሽራዋ ክርስትና የተነሣችበት ደብር በመዝገብ ቁጥር የተደገፈ ደብዳቤ ይጻፍልን አለ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አንቀበልም አሉ። ሰርጉ እሑድ ነው፤ ወይዘሮ ስመኝ ወደ እኔ የመጣችው ሰኞ ነው። ጠላው ተጠምቋል፣ ሰው ተጠርቷል፣ የቀረው ከኔ አንድ ቁጥር ነው። «እሱማ ምን አላት፣ ተቀመጪ» አልኳትና ላፕቶፗን አስነሣኋት። የታየኝ አረንጓዴ መስክ ነው። የመጀመሪያው ደባል ቤት ገብታ የመስክ ሥዕል ደቅናብኛለች። አጠፋኋት፤ ደግሜ አስነሣኋት፤ መስክ። ለሦስተኛ ጊዜ፤ መስክ። ወይዘሮ ስመኝ በትከሻዬ በኩል አንገቷን አስግጋ አየችና፣ መስክ ማየት ብትፈልግ ከደጇ እንደማትነቃነቅ ነገረችኝ።

ለዲያቆኑ ደወልኩ። ዝርዝሩ ይመጣል አለኝ። አይመጣም አልኩት። ይመጣል እኮ አለኝ። አልመጣም እኮ አልኩት። እንዲህ ስንባባል ካርዴ አለቀ።

ባለቤቴ ጠበል ርጭባት አለች። እኔም አስቤበት ነበር፤ ነገር ግን ላፕቶፗን የሰጠን ሰው ውኃ እንዳይነካት አጥብቆ አስጠንቅቆን ነበር፤ ጠበል ደግሞ የቱንም ያህል ቢከበር ውኃነቱን አልተወም። ምን ይሻላል? ጠረጴዛውን፣ ወንበሩንና ራሴን ረጨሁ። እሷን ዙሪያዋን ብቻ ባረክኋት። መስክ።

ማክሰኞ በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌአት ደብረ ማርቆስ ወረድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጋቢውን አዩና «ሸፈን አድርገው እንጂ፣ ብርድ ይመታዋል» አሉኝ። እሺ ብዬ ሸፈን አደረግኋት። እውነቱን ተናግሬ ሰው ማሳቀቅ አልወደድኩም፤ ደግሞም ቦታ ለቀውልኛል።

ሀብታሙ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ፤ መልካም ልጅ ነው። ሕመሟን ነገርኩት። ቁልፉን ተጫናት። ዝርዝሩ መጣ። ሦስት ስም፣ ጥቁር ላይ፣ ዲያቆኑ እንዳለው። አጠፋት፣ አስነሣት፤ መጣ። ሦስተኛም አደረገው፤ መጣ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። አስተያየቱን ለማንም አልመኝም።

መዝገቡን በፍላሽ ልገልብጥልዎት ወይ አለኝ። አይሆንም አልኩት። የሰው የክርስትና ስም ነዋ። የሰውን የክርስትና ስም ይዞ ምን ቤት እንደሚኬድበት፣ ምንስ እንደሚደገምበት እናንተም ታውቃላችሁ፤ እኔ አልናገርም። ሀብታሙን አልጠረጠርኩትም፤ ፍላሹን ግን ጠረጠርኩት። ስንት ሰው ኪስ ገብቶ የወጣ ዕቃ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ወስጄ፣ በሩን ዘግቼ፣ ራሴ እከፍተዋለሁ ብዬ ጠቅልዬ ተመለስኩ።

ወይዘሮ ስመኝ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ድና መጣች አልኳት በኩራት። ተቀመጥኩ፣ ከፈትኩ። መስክ።

ረቡዕ ሀብታሙ በስልክ ላክምልዎት አለኝ። ይጫኑት አለ፤ ተጫንኩት። ቆይ ብዬ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ኋላ አነሣሁት። ምን ይታያል አለኝ። መስክ አልኩት። ቻርጀሩን ይንቀሉ አለ፤ ነቀልኩ። ይሰኩ አለ፤ ሰካሁ። ባትሪዋን አውጥተው ይመልሱ አለ፤ አወጣሁ፣ መለስኩ፤ እንደ በግ ሆድ ዕቃ ገለበጥኳት ነው የምላችሁ። መስክ። በመጨረሻ ድምፁ ደከመና፣ «አያ ቢያዝን፣ እኔ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም፤ እጅዎን ጠልታ ይሆናል» አለኝ። እጄን! ይሄን እጅ በቅሎ እንኳ አልጠላውም።

ሐሙስ ሲነጋ ወይዘሮ ስመኝ ነጠላዋን አጣፍታ መንገድ ላይ ቆማ አገኘኋት። አብራኝ ልትሄድ ነው። እኔን ስለማታምን ሳይሆን፣ አለችኝ፣ ላፕቶፗን ስለማታምን ነው። በመንገድ ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው፤ ያንንም ማርቆስ ልንገባ ስንል ነው። «ቢያዝን፣ ያቺን ልጅ ደብዳቤ ጎደለ ተብላ በሰው ፊት ስትመለስ ከማይ መሬት ብትውጠኝ ይሻለኛል።» ጋቢውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ሀብታሙ ይሄን ጊዜ ብልኀት አመጣ። ዛሬ እኔ እጄን አላስገባም፣ እርስዎ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ እንደሚያደርጉት፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያድርጉ አለኝ። ወንበሩን ለቀቀልኝና ክንዱን አጣምሮ ከኋላዬ ቆመ። እኔም ተቀመጥኩ። ቁልፉን ተጫንኩ። ባርኔጣዬን አውልቄ ተነሣሁ፣ አማተብኩ፣ ዐይኔን ጨፈንኩ፣ አቡነ ዘበሰማያትን አደረስኩ። ከዚያ ለእመቤታችን ሰላምታዋን። ከዚያ ለታመመ፣ ለመንገደኛ፣ ለአዝመራው፣ ለሀገሩ። ዐይኔን ገለጥኩ። መስክ።

ዘወር ስል ሀብታሙ አፉን በመዳፉ ይዞታል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ዝርዝሩ መጥቶ ነበር፣ አያ ቢያዝን፣ አለኝ እንባውን እየጠረገ። ሁልጊዜም ይመጣል። መጥቶ አሥር ሰከንድ ይጠብቅና መልስ የሚሰጠው ሲያጣ የመጀመሪያውን ራሱ መርጦ ይገባል። ተመልከቱልኝ እንግዲህ። እኔ ገና «ፈቃድህ ይሁን» የሚለው ላይ ስደርስ እሷ በገዛ ፈቃዷ ሄዳለች ማለት ነው። አራት ቀን ሙሉ፣ እኔ ዐይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ዝርዝሩ እየመጣ፣ ዐይኔን በገለጥኩ ቁጥር እየሄደ። አሥር ሰከንድ ደግሞ ምን የሚሉት ትዕግሥት ነው? በኛ አገር እንግዳ እንኳ ደጅ ቆሞ ከዚያ በላይ ይጣራል።

ሀብታሙ ጊዜውን ላርዝመው አለ። ጸሎትዎ ስንት ይፈጃል ብሎ ጠየቀኝ። ይሄን ጥያቄ የነፍስ አባቴም ጠይቀውኝ አያውቁም። ስልኩን አወጣና ይጸልዩ ልለካ አለ። ጸሎት ለሙከራ አይጸለይም አልኩት። ቢቸግረኝ የእውነት እንዲሆን ብዬ ለራሱ ለሀብታሙ ጸለይኩለት፤ ጤናውን፣ ሥራውን፣ ትዳር እንዲይዝም ጨምሬ። ሁለት ደቂቃ ከምናምን ሆነ አለ። በጾም ጊዜ ስግደት ስለማበዛ ጨመር አድርገው አልኩት፤ ሦስት ደቂቃ ላይ አቆመው።

አሁን እንደገና አስነሣኋት፤ ተነሣሁ፣ ጸለይኩ፣ ዐይኔን ገለጥኩ። ዝርዝሩ አለ። ከሥሩ ቁጥር ወደ ታች እየቆጠረ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። በቀስቷ ወረድኩ፣ ሦስተኛውን አስገባ አልኩ፣ የዲያቆኑ ቤት ተከፈተ፣ መዝገቡም ወጣ። ሀብታሙ ሳልነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ጨዋ አሳዳጊ አለው። ሰብለን አገኘኋት። ቁጥሯን በወረቀት ጽፌ ለወይዘሮ ስመኝ ሰጠኋት። እልልታዋን ጀምራ ሱቅ ውስጥ መሆኗ ትዝ ሲላት ግማሹን ዋጠችው።

እዚህ ላይ ብንለያይ ምን ነበረበት? ወይዘሮ ስመኝ ወረቀቷን አጣጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና እንዲህ አለችኝ።

«ቢያዝን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለምን ቁልፉን ሳትጫናት አትጸልይም?»

ሀብታሙን አየሁት። ሀብታሙ አየኝ። የተማረውም ያልተማረውም አንድ ላይ ወደ ላፕቶፗ ዞርን።

ላስረዳት ሞከርኩ። ላፕቶፕ ስትነሣ ጊዜ ትወስዳለች፤ ያ ጊዜ ዝም ብሎ ከሚባክን እስክትነቃ ድረስ እጸልያለሁ አልኳት። በሬው እስኪጠጣ ድረስ ቀንበሩን እንደምናስተካክለው ማለት ነው አልኳት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። «እና እግዚአብሔር የደረሰው እሷ ስትነቃ የተረፈው ነው?» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም፤ ለመረዳት ነው የጠየቀችው። እሱ ነው የከበደኝ።

ደብዳቤውን በዚያው ዕለት ጽፌ ማኅተሙን መታሁበት። እሑድ ሰብለ በተክሊል ገባች፤ ካባዋም አማረባት። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ጸሎቴን በር ላይ፣ ቁልፉን ከኪሴ ሳላወጣ አደርሳለሁ። ገብቼ ላፕቶፗን ስጫናት ዝርዝሩ ወዲያው ይመጣል፣ ወዲያው እመርጣለሁ፣ ወዲያው እገባለሁ። ከሀብታሙ ሦስት ደቂቃ አንዲቱም አታስፈልገኝም።

ሦስቱ ደቂቃ ግን እዚያው አለ። የመዝሙር ልጆቹ ታሪኩን ከሰሙ ወዲህ የራሳቸውን ከመምረጣቸው በፊት ቁጥሩ ከመቶ ሰማንያ ጀምሮ ሲወርድ ተሰብስበው ያያሉ። «የአያ ቢያዝን ጸሎት ገና ነው» ይባባላሉ። ባለፈው ቅዳሜ መሪጌታ ሲያልፉ ሰሙና ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ልጆቹም ነገሯቸው። መሪጌታ ቁጥሩን ተመለከቱ፣ እኔን ተመለከቱ፣ «ይቺን ታህል ናት?» ብለው አለፉ።

በማግስቱ ለሀብታሙ ደወልኩለት። በልጄ ሞት፣ እባክህ ያን ሦስት ደቂቃ ወደ አሥር ሰከንዱ መልስልኝ፣ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም አልኩት። ሀብታሙም አጠገቡ ሰው እንዳለ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ምነው አያ ቢያዝን፣ ጸሎቱን ተዉት እንዴ?» አለኝ።