አሥራ ሰባት የአሳማ እግሮች

ሥጋ የሚሸጥበት ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ጣሪያውን ነው። ሳቁ እንግዲህ። ባንኮኒ ላይ ያለውን ማንም ያሳምረዋል፤ የባለቤቱ አቅም የሚታወቀው ከላይ ባንጠለጠለው ነው። የሲኞር ቪቶን ሳንድዊች ቤት በረገጥኩ ዕለትም ቀና አልኩና ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት እግር። ጨው ጠጥቶ፣ ደርቆ፣ በገመድ የታሰረ የአሳማ እግር። እኔ ደግሞ ከዚያ ሥር ቆሜ ሱቅህን አከራየኝ ልለው ነው የመጣሁት።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው፤ እዚህ ስደት አገር፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የእኛ ሰው ሱቅ በጣት የሚቆጠርበት ጊዜ። እኔ ዌስትውድ ሰፈር ስምንት ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ፣ ባለቤቴ አስካለ የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ኖረን ምግብ ቤት እንክፈት አልን። ሦስት ባለሱቆች እምቢ አሉን። አስካለ ግን አራተኛው እሺ ይላል ብላ አስቀድማ ሥራዋን ለቀቀች። እንዲህ ያለች ሴት ናት። አራተኛው ሲኞር ቪቶ ነበር፤ ከሳንድዊች ቤቱ ጎን ያለው ባዶ ሱቅ የእሱ ነው። አምስተኛ ሱቅ ደግሞ አልነበረም። ቆጥሬያለሁ።

ያገናኘኝ ተፈራ ነው፤ ኢንግልዉድ የሚኖር ባለታክሲ፣ የሳንድዊች ቤቱ የቆየ ደንበኛ። መኪናው ውስጥ ሳለን መከረኝ። «ጋሼ ወልዴ፣ ሰውየው የድሮ ሰው ነው። ወረቀት አያይም፤ ፊት ነው የሚያየው። ባለፈው አንዱ ሱቁን ሊከራይ መጥቶ አፍንጫውን ያዝ ስላደረገ ብቻ አባረረው። ሶ፣ የሰጠዎትን ይቀበሉ፣ ፈገግ ይበሉ፣ በቃ።»

የሰጠዎትን ይቀበሉ! አፍ ሲናገር እንዴት ይቀለዋል።

የምሳ ሰዓት ስለነበር ከፊታችን ዘጠኝ ሰው ተሰልፏል። ሲኞር ቪቶ ነጭ ሽርጥ አሸርጦ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ በማሽን ሥጋውን እንደ ወረቀት አሳስቶ ይቆርጣል። ተራችን ሲደርስ ተፈራ ክንድ የሚያህል የሞርታዴላና የሳላሚ ሳንድዊች አዘዘ፤ እግረ መንገዱንም ስለ እኔ ነገረው። ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ከተሰቀሉት አንዱን እግር አወረደ፣ በረጅም ቢላ ስስ አድርጎ ቆረጠ፣ ቁራሹን በጣቶቹ ይዞ በባንኮኒው ላይ ወደ አፌ ዘረጋው።

ጉርሻ እኮ ነው! ጉርሻ እንዴት ይመለሳል?

አሳማ አንበላም ብል፣ የዕድሜ ልክ ልፋቱን ጣሪያው ላይ እንደተሰቀለ ርኩስ ነው ማለቴ ነው። ልብላው ብል ደግሞ አፌ አልከፈት አለኝ። አልዋሽም፣ ጾም ከተውኩ ስድስት ዓመት አልፎኝ ነበር። አሳማ ግን እናቴ ስሙን እንኳ ቤት ውስጥ አታስጠራም። እጁ እንደተዘረጋ ነው። ማሽኑ ቆሟል። ስቡ እየቀለጠ በአውራ ጣቱ ሲወርድ አየዋለሁ።

«ጾም ላይ ነኝ» አልኩ።

ጠዋት ሁለት እንቁላል በልቼ ነው የወጣሁት። ግን ወሩ ነሐሴ ነው፣ አስካለ ፍልሰታን ይዛለች። የእሷን ጾም ተዋስኩ በሉት።

«ማክሰኞ?» አለ ዐይኑን አጥብቦ። «ጾም አርብ አይደለም እንዴ?»

የእመቤታችን የማርያም ጾም ነው አልኩት። ስሟን ሲሰማ እጁ ዝቅ አለ። ቁራሹን ወረቀት ላይ አኖረና ዐይኑን ወደ ተፈራ አዞረ። ተፈራ ሁለት ጉንጩን ሞልቶ ቆሟል፤ የሳላሚ ጫፍ ከከንፈሩ ወጥቷል።

«እሱስ?»

«እሱ ባለታክሲ ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «መንገደኛ ጾም አይያዝበትም።» ተፈራ እያላመጠ ራሱን ነቀነቀ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ሽማግሌው ጾሙ ስንት ቀን ነው ብሎ ጠየቀኝ። አሥራ አምስት አልኩ። ሌላስ አላችሁ? አለኝ። እኔን ቁጥር ይጠይቁኛል? ዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ብዬ ጀመርኩ። ነነዌን ሦስት፣ ነቢያትን፣ ሐዋርያትን፣ ረቡዕና አርብን ጨመርኩ። ተፈራ እግሬን ረገጠኝ። ማን ይሰማዋል! ቆጠራ ከጀመርኩ ሳልጨርስ አላቆምም። ሰውየው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ የሥጋ መጠቅለያው ላይ ይጽፋል። በመጨረሻ ከዓመቱ ግማሽ በላይ ነው አልኩት፤ ኩራት ቢጤም ተሰማኝ።

እርሳሱን አስቀመጠ። «ምግብ ቤት ልትከፍት ነው። ደንበኞችህ ደግሞ ከዓመቱ ግማሹን አይበሉም። ኪራዬን ማን ይከፍለኛል? ማርያም?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ሥራዋን የለቀቀችው አስካለ ታየችኝ።

«ሲኞር» አልኩ፣ «እኛ ስንጾም ድስት አንቀንስም፣ እንጨምራለን። በፍስክ ሁለት ድስት ብንጥድ በጾም ሰባት እንጥዳለን።»

እርሳሱን አንስቶ ጆሮው ላይ ሰካ። «ነገ አምጣው። ሰባቱንም እቆጥራለሁ።»

ቤት ገብቼ ለአስካለ ስነግራት፣ «ማን ነው ጿሚው?» አለች።

«እኔ።»

«አንተ? እንቁላል የጠበስኩልህ መጥበሻ ገና አልታጠበም!» አለችና ሳቋ ሳያልቅ ምስር መልቀም ጀመረች።

በማግስቱ ገበያው ጋብ ሲል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ትሪውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋነው። አስካለ እስከዚያች ሰዓት ውኃ እንኳ አላስቀመሰችኝም፤ የተዋስከውን ጾም አታበላሽብኝ ብላ። ሲኞር ቪቶ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ክኩን፣ ጎመኑን፣ ሱፉን፣ ስልጆውን፣ አዚፋውን በጣቱ እያመለከተ ቆጠረ። ከዚያ በላ። እኔ ጉርሻውን እቆጥራለሁ፤ አሥራ አንድ ደረሰ። አስካለ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቁልፍ አወጣና እሷ ፊት አኖረ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አርብን የሚያስታውሰው ሰው እንደሌለ ነገረን። ውል የጻፍነው በአንድ ተጨማሪ ቃል ነው፦ በጾም ቀን ሁሉ ሽማግሌው ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ ይበላል።

አስካለ ስድስት ዓመት ለምናኝ፣ የንስሐ አባቴ ተቆጥተውኝ ያልጾምኩት ሰውዬ፣ ይኸው አንድም አላጎደልኩም። ላጉድልስ ብል እንዴት ብዬ? ጾሞቹን የጻፈበት ያ የሥጋ መጠቅለያ ወረቀት ከማሽኑ በላይ ተለጥፏል። ጾሙ አለቀ ብዬ እፎይ ስል፣ ሽማግሌው ሽርጡን እየፈታ መጥቶ፣ «ወልዴ፣ ሐዋርያት ሰኞ ይገባል አይደል?» ይለኛል።

ተፈራ በየረቡዑ ታክሲውን ደጃችን አቁሞ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያንን ክንድ የሚያህል ሳንድዊች ይገምጣል። ባፈጥጥበት፣ «ምን ላድርግ ጋሼ፣ መንገደኛ ነኝ እኮ!» ይላል።

እኔም ሰሞኑን እያጠያየቅኩ ነው። የታክሲ ፈቃድ ለማውጣት ዕድሜ ይከለክላል እንዴ?