ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ስብሰባ

ታላላቅ ሰዎችን የሚፈትናቸው ታላቅ ችግር ነው ይባላል። ዋና ሥራ አስኪያጃችንን የፈተናቸው ግን ነጸብራቅ ነው። የሚቀመጡት ለኮሪደሩ የመስታወት ግድግዳ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለሆነ፣ ከኋላ የሚመጣው ብርሃን የኮምፒውተራቸው ስክሪን ላይ እየተንጸባረቀ፣ በከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት የሚጫወቱትን ካርታ ቀይና ጥቁር እንዳይለዩ አደረጋቸው። አመራር እንዲህ ያለ መከራ ላይ ወድቆ አገልግሎት ቢጓተት ምን ይገርማል?

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። በሰፊው ተወያይቶም ስክሪኑም መስታወቱም ነጸብራቅ የሚያጠፋ ስስ ቅብ እንዲቀቡ ወሰነ።

የድሮው መስታወት ግን ባለውለታችን ነበር። ባለጉዳይ ከኮሪደሩ ሆኖ ወደ ውስጥ ሲመለከት የሚታየው የገዛ ፊቱ ብቻ ነው። «ጉዳዬን የሚያጓትተው ማነው?» ብሎ ያፈጥጣል፤ ራሱን ያያል፤ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ አፍሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ቅቡ ተቀባ። መስታወቱ ያለም አይመስል። ሥራ አስኪያጁ ሪባን ቆርጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ከእንግዲህ በእኛና በሕዝቡ መካከል አንዳች የሚጋርድ ነገር አይኖርም!» አሉ። አጨበጨብን። እሳቸውም ረክተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ካርታቸው ተመለሱ።

በማግስቱ አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። የሱቋ ፈቃድ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው፤ ያን ዕለት ካልተፈረመ አከራይዋ ክፍሉን ለሌላ ሊሰጥባት ነው።

«ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ተመለሺ» አለቻት ጸሐፊዋ፣ እንደ ልማዷ ቀና ሳትል።

ልብስ ሰፊዋ በመስታወቱ አሻግራ አየች። «ከማን ጋር ነው ስብሰባው? ከጥቁሩ ንጉሥ ጋር?»

ወረፋው ሁሉ ግር ብሎ መስታወቱን ከበበ። አንድ ጡረተኛ ግን ንዴቱንም ጉዳዩንም ረስቶ ጨዋታው ውስጥ ገባ።

«ኧረ ሰውዬው ሊሸነፉ ነው! ቀዩን ሰባት፣ ጌታዬ! ጥቁሩ ስምንት ላይ ያድርጉት እንጂ!» እያለ መስታወቱን ደበደበ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ሥራ አስኪያጁ ዞር ሳይሉ። ሰባቱንም ስምንቱ ላይ አኖሩት።

ከዚያ ዞሩ።

ሕዝብ የሚባለውን ነገር ፊት ለፊት ሲያዩት የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። በሩን ከፍተው «ስብሰባው በስኬት ተጠናቋል» አሉና ፈቃዱን እዚያው ቆመው ፈረሙ። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቷን ይዛ በረረች፤ ክፍሉም ተረፈላት።

መሥሪያ ቤታችን ከስህተቱ የሚማር ነውና፣ መጋረጃ በአስቸኳይ ታዘዘ። ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ሰፊ ሲፈለግ፣ የፊርማው ቀለም እንኳ ያልደረቀ ፈቃድ የተገኘው እሷው ዘንድ ነው። ሰፍታ አመጣችው፤ ራሷ ሰቀለችው። መጋረጃው የግድግዳውን ላይኛ ክፍል በታላቅ ክብር ሸፍኖ፣ ሥራ አስኪያጁ አናት ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከዚያ በታች ሰውየውም፣ ስክሪኑም፣ ካርታውም ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ አጠረ! ቀሪው ጨርቅ የታለ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ስብሰባ ላይ ነው፣ ጌታዬ» አለች መርፌዋን ደረቷ ላይ እየሰካች። «ነገ ይመለሱ።»