የአዛናው ይቅርታ

ሰው አስቀይሞ ሲያበቃ «ለጨዋታ እኮ ነው!» ብሎ የተቀየመውን ራሱን ጥፋተኛ የሚያደርግ ሰው የሌለበት መንደር የለም። በደርግ ዘመን ኮኪት ላይ ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክሞ የኖረው የትራክተር ሾፌሩ፣ ክቡር አዛናው ነበር። አንድ ቀን የቀበሌውን ሊቀመንበር በራ ዐይቶ «ዛሬስ ፀሐይ ሁለት ሆና ወጣች» አለ። ሰውየው ሲቆጡ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ፤ «ይቅርታ ጓድ፣ ግን እኔ ማመስገኔ ነበር!» አዛናው «ግን» የሌለው ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም።

ከጎረቤቱ ከካሰች ጋር የቆየ ጨዋታ ነበራቸው። ካሰች ባሏ ሞቶባት ለሰሊጥ አጫጆች ምግብ እያበሰለች የምትኖር ሴት ናት። ከገንዳ ውሃ ከተማ የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር አዛናው ከመንገድ ዳር ሆኖ፣ «ካሱ! እንግዳሽ መጣልሽ!» ብሎ ይጮኻል፤ ባል መጣልሽ ማለቱ ነው። እሷም «እህትህን ዳርለት!» ትለዋለች። ሰፈሩ ይስቃል።

ከዚያ የካሰች አንድ ልጅ ያረጋል ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ክረምቱ አልፎ አጨዳው ደረሰ፤ የልጁ ወሬ ግን የለም። አዛናው ይህን አላጣውም፤ አፉ ነው ከልማዱ ያልወጣው። ሠራተኛ የጫነ መኪና መጥቶ ሲቆም እንደወትሮው «ካሱ! እንግዳሽ መጣልሽ!» አለ።

ካሰች ሊጡን ከእጇ ሳትታጠብ፣ ባዶ እግሯን ሮጣ ወጣች። የሚወርዱትን ጎረምሶች ፊት ፊታቸውን እያየች በመካከላቸው አለፈች። መኪናው ባዶ ሲሆን ጥቂት ቆመች። ዞር ብላ አዛናውን አየችውና ወደ ቤቷ ገባች።

አዛናው ተከትሏት ሄዶ ከደጅ ሆኖ፣ «ይቅርታ ካሱ፣ ግን እኔ ልጅሽ መጣ አላልኩም» አለ።

«እሺ» አለችው፤ ቀና ብላም አላየችው።

በማግስቱ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ተነሥቶ፣ «ጓዶች፣ ጓዲት ካሰችን በተመለከተ ስሕተት ተፈጽሞ ከሆነ ግለ ሂስ አደርጋለሁ» አለ። ተጨበጨበለት። ካሰች አላጨበጨበችም።

ቀጥሎ በግ ይዞላት ሊሄድ ሲል ሚስቱ ዙፋን በሩ ላይ ቆመችበት።

«በጉ ደግሞ ምን አጠፋ?»

«ሆን ብዬ እኮ አይደለም፣ ዙፋን!»

«እሱንማ እሷም ታውቃለች። አንተ የምትመላለሰው አንተን እንዲቀልህ ነው። እሷ ምን ሆና እንደሮጠች መች አነሣህላት?»

አዛናው በጉን ለቀቀና ባዶ እጁን ሄደ። ካሰች የማሽላ ዱቄት እየነፋች ነበር።

«ካሰች» አላት፤ ካሱ ለማለት አልደፈረም። «ስትሮጪ አይቻለሁ። የልጆቹን ፊት ስታዪም አይቻለሁ። ያረጋልን ነበር የምትፈልጊው። ያስሮጠሽ የእኔ አፍ ነው። በድዬሻለሁ።»

«ግን» ጉሮሮው ድረስ መጥታ ነበር፤ ዋጣት።

ካሰች ወንፊቱን አስቀምጣ አለቀሰች። የሚያስቅ ነገር ሊፈልግ አሰበና ተወው።

«ስሙን ጠራኸው» አለች በመጨረሻ። «እሱ ከሄደ ወዲህ ሰው ሁሉ እንዳይከፋኝ ብሎ ያረጋል የሚል ቃል አይወጣውም። የሞተ ይመስል!» በርጩማ ገፋ አደረገችለት። «ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። ያረጋል የሽንፋ ወንዝ ሲሞላ ዋኝቶ የሰው ፍየል እንዳወጣ፣ እሷም መጀመሪያ ገርፋው ኋላ እንደሳመችው ነገረችው። ስትጨርስ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። አዛናው አንድም ጊዜ አላቋረጣትም፤ ኮኪት ይህን ብታይ አታምንም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ እርሻው ሲወጣ ትራክተሩን ደጇ ላይ አቁሞ፣ «ከያረጋል ምን ተሰማ?» ይላታል። አብዛኛውን ጊዜ የተሰማ ነገር የለም። ጥቂት ያወራሉ፤ ይሄዳል። የዘገየ ቀን ታዲያ ካሰች ሥራዋን ትታ ደጅ ትወጣለች፤ የትራክተሩን ድምፅ ለመስማት።