ሐጂን በሁለት እጄ ሰላም ያልኩ ቀን

ኧረ ጉዴን ስሙልኝ ልጆቼ! ዛሬ ጠዋት መንገድ ዳር የተተከለ አበባ ውስጥ በጀርባዬ ተዘርሬ ሰማይ ሳይ ነበር።

በስልሳ ሰባት ዓመቴ! ከነሄልሜቴ!

(ፊደል የለየሁት በስተርጅና ከልጅ ልጄ ደብተር ነው። ግድፈት ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉኝ።)

እንደምታውቁኝ እግሬ አያርፍም። ካዛንቺስ ሳለን ከጎረቤት ጎረቤት ስዞር ነበር የምውለው። ሰፈሩ ፈርሶ ሰው ሁሉ ሲበተን የምዞርበት ደጅ አጣሁ። ቂርቆስ ተከራይተን ገባን። ከዚያማ በቃ፣ ስልክ ይዤ ክፉ ወሬ ሳነብ መዋል ሆነ ሥራዬ። እንቅልፍም ጠፋ።

ያኔ ነው ጎረቤቴ ትዕግስት፣ አስተማሪ ናት፣ የቅዳሜ ብስክሌት ግሩፗ ውስጥ የከተተችኝ። ሦስት ወር ሙሉ የግቢውን አጥር እየተደገፍኩ ተማርኩ። አጥሩም እኔም ተላልጠናል።

ስድስት ሴቶች ነን። ከለገሃር እስከ ወሎ ሰፈር፣ ቀስ ብለን፣ በተርታ። ማንም አይቀድምም። ስለ ኑሮ ውድነት የሚያወራ የለም። የሰንሰለቱ ጭርጭርታ ብቻ። እዚያ ማኪያቷችንን ጠጥተን እንመለሳለን።

ይኸው ነው! ምንም አይፈጠርም። ያ «ምንም» ደግሞ እንዴት እንደሚጣፍጥ!

ስንጨርስ ትዕግስት ቴሌግራም ላይ «ዛሬም ምንም አልተፈጠረም» ብላ ትጽፋለች። ሁላችንም ልብ እንልካለን።

ልጄ ዳዊትም ግሩፑ ውስጥ አለ። ብስክሌት አይነዳም፣ እኔን ሊጠብቅ ነው የገባው! «እማዬ፣ አንድ ቀን ብትወድቂ ብስክሌቱን እሸጠዋለሁ» ብሎኛል። ቀልዱን አይደለም።

እሺ። ዛሬ ወሎ ሰፈር ልንደርስ ስንል መንገድ ዳር ማን ቆመው ባይ ጥሩ ነው?

ሐጂ ሰይድ!

ካዛንቺስ ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር የኖርን! ከተበተንን ወዲህ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም ነበር። ምርኩዛቸውን ይዘው ፀሐይ ይሞቃሉ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው በአንድ እጅ ሰላም ይባላል? ነውር አይደለም?

ሁለቱንም እጄን ለቅቄ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ።

እኔስ ጨዋ ነኝ። ብስክሌቱ ግን ባለጌ ነው!

ቀጥ ብሎ አበባው ውስጥ። ከኋላዬ የነበረችውም እኔን ላለመግጨት ብላ ተከተለችኝ። ትዕግስት ትጮሃለች፣ ከማዶ የታክሲ ረዳት «እማማ፣ ፍሬን አለው እኮ!» እያለ ይስቃል።

ሐጂ ምርኩዛቸውን ጥለው መጡ።

«አንቺ ዘነቡ! ምን ነካሽ? በአፍሽ ሰላም ብትዪኝ አይበቃኝም ነበር?»

«ለርስዎማ በአፍ ብቻ አይሆንም ሐጂ!»

ከሄልሜቴ ላይ ቅጠል እየለቀሙ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። መሬት ተቀምጬ! አሁን ከልጃቸው ጋር ናቸው፣ ያውም እዚያው ከመንገዱ ጀርባ። ለካ በየቅዳሜው በደጃቸው ነው የማልፈው!

ማኪያቶው ሲመጣ ትዕግስት ስልኳን ይዛ አየችኝ።

«እማማ፣ ምን ልጻፍ?»

«እንደ ሁልጊዜው» አልኳት፣ የተላጠ ክርኔን ደብቄ።

ጻፈች። መጀመሪያ ልብ የላከው ማን መሰላችሁ?

ዳዊት።

ያ ልብ ከክርኔ በላይ አቃጠለኝ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ዳዊቴ፣ ይሄን እንደምታነብ አውቃለሁ። ወድቄያለሁ። ክርኔ ተልጧል፣ ሌላው ደህና ነው። ብስክሌቱን ከመሸጥህ በፊት ግን አንድ ነገር መልስልኝ፦ ሐጂን በአንድ እጅ ሰላም በል ብዬ ነው እንዴ ያሳደግኩህ?