ጸጉር ያበቀለው የእናኑ ጉቶ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጃችሁ ጎረቤት ቤት ገብታ አልወጣም ብላ ታውቃለች? የኔዋ ትላለች። የሻረግ ገና አራት ዓመቷ ነው። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ፣ "እናኑ ጋ ልሂድ!" እኔ እናቷ እዚሁ ተቀምጬ!

እናኑ ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት። ባሏ የአንድ ፈረንጅ ሐኪም ወጥ ቤት ነበር። ሐኪሙ አገሩ ሲገባ ዓሣ ያለበት የመስተዋት ሣጥን ትቶለት ሄደ። ዓሣ ይበላል እንጂ ቁጭ ብለው ያዩታል? ሰፈሩ ግን ያያል። እኔም አይቻለሁ፣ አንዴ። ደህና፣ ሦስቴ። ሸጋ ነው። ምን ያደርጋል፣ የሷ ነው።

እናኑ ታዲያ ለዓሦቹ መደበቂያ ብላ፣ አንገረብ ወንዝ በጎርፍ ጠርጎ ያመጣውን ጉቶ ውኃው ውስጥ አስቀመጠችላቸው። በሳምንቱ ጉቶው ነጭ ጸጉር አበቀለ! ያደረ ዳቦ እንደሚያወጣው ያለ ሻጋታ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ፊቴን ግን አኮማትሬ በሽታ ነው አልኳት፤ ልጅ ከተነፈሰው ሳል ይሆንበታል። መፍራቴስ ውሸት አልነበረም። የሻረግ አንዴ ብታነጥስ ደረቷ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ የማዳምጥ ሴት ነኝ። ግን እንዳው እውነቱን ካወራን፣ የጣመኝ መከልከያ ማግኘቴ ነው። የሻረግ ሦስት ቀን እቤት ዋለች። ሦስቱንም ቀን አለቀሰች።

በአራተኛው ቀን እናኑ ጉቶውን በሳፋ ይዛ መጣች። "አንቺ፣ ያንቺ የጠላ ጋን ሻግቶ አያውቅም። እስቲ ይኼን አንድ በይልኝ" አለችኝ።

የጠላ ጋኔን ያመሰገነልኝን ሰው ምን ብዬ እምቢ እላለሁ? እንደ ጠላ ጋን አድርጌ ያዝኩት። በግራዋ ቅጠል ፈተግኩት፣ በወይራ ጭስ አጠንኩት። ሽታው ልብ ይወስዳል! ወስደን ዓሦቹ ውኃ ውስጥ መለስነው።

በነጋታው ውኃው ጠላ መስሏል። ዓሦቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

"ምነው፣ ሰከሩ እንዴ?" አለች እናኑ፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። የሻረግ ከኋላዬ ቆማ፣ "እምዬ፣ ገደልሻቸው?" አለችኝ።

ምን ልበላችሁ። ውኃውን በንጹሕ ውኃ ቀየርኩ። ጉቶውን ያለ ግራዋ፣ ያለ ወይራ፣ በትልቁ ድስቴ ቀኑን ሙሉ ቀቀልኩት። ዓሦቹም ዳኑ፣ ጸጉሩም ጠፋ።

እናኑ ግን ታከታት። መድኃኒቱን የምታውቂ አንቺ ነሽ፣ በቃ ያዢው ብላ ሣጥኑን ከነዓሣው አሸክማ ላከችልኝ። ለወጉ እንኳ አልተግደረደርኩም።

ይኸው አሁን እኔ ቤት ነው። የሻረግ የመጀመሪያውን ቀን አየችው። በሁለተኛው ቀን ዓይኗን ስትገልጥ፣ "እናኑ ጋ ልሂድ!"

"ምነው ልጄ፣ ዓሦቹ እኮ እዚህ ናቸው!"

"እናኑ ትጫወታለች። አንቺ ደረቴን ታዳምጫለሽ።"

ሄደች። ከግድግዳው ማዶ ሳቃቸው ይሰማኛል። እኔ ውኃ እቀይራለሁ። ደግሞ በየጠዋቱ ጉቶውን አገላብጬ አያለሁ። ትንሽ፣ ትንሽ ነጭ ነገር ቢያበቅል፣ እናኑን ለምክር እጠራት ነበር። ልጄም ተከትላት ትመጣ ነበር።